በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የአራት ቀን የጀልባ ጉዞ፦ ዌል ሻርክን ለማየትና የባሕር ዓሣ ለመመገብ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ከአዲስ አበባም ሆነ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ባሕር ለመድረስ ለሚያስብ መንገደኛ ዛሬ ከሁሉ የሚቀናው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ነው። አብዛኛው ሰው ጅቡቲን የሚያውቃት በወደቧ፣ በሙቀቷና ከከባድ መኪና ሾፌሮች በሚሰማው ወሬ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ዘልቆ የሚገባው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ በየዓመቱ ወደ ዳርቻ ተጠግቶ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጀልባ ላይ እያደረ ይህን ፍጥረት በሥርዓት ለማየት፣ በዚያው ውኃ የተያዘውንም ዓሣ በጤና ለመብላት ለሚፈልግ ሰው ነው። የዚህ ጉዞ ዕቅድ ከባሕሩ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ወቅቱ፣ ቀጥሎ ካፒቴኑ፣ ከዚያም የምግቡ ነገር ይወሰናል፤ የመጓጓዣ ትኬት የሚቆረጠው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ በመሆኑ በተሳሳተ ወር፣ በተሳሳተ ጀልባ ወጥቶ ባዶ ባሕር አይቶ ይመለሳል።

1. ወቅቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መወሰን

ዌል ሻርኮቹ ወደ ዳርቻው የሚመጡት ምግብ ፍለጋ ነው። ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ጥር ባለው ጊዜ የባሕረ ሰላጤው ውኃ በፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትና እንቁላሎች ይሞላል፤ ዓሣውም አፉን ከፍቶ ይህንን እያጠለለ ይበላል። ከእነዚህ ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ይመረጣሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣና ኻምሲን የሚባለው አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ስለሚበረታ በክረምት ለሽርሽር ወደዚህ ባሕር መውጣት አይመከርም።

በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። በእነዚህ ቀናት በከተማዋ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችና ቤተሰቦች በብዛት በጀልባ ስለሚወጡ አንድ ዓሣ በብዙ ጀልባ ሊከበብ ይችላል። ስለዚህ እሑድ ወጥቶ ረቡዕ የሚመለስ ጉዞ ለተጓዡም ለእንስሳውም ይሻላል። ጉዞው ከጾመ ነቢያት ጋር የሚገጥም መሆኑን የሚጾሙ ሰዎች አስቀድመው ያስቡበት፤ በምግቡ ክፍል እመለስበታለሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ቀጣና ውስጥ ቢሆኑም ጅቡቲ የምትቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ካፒቴኑ «ስድስት ሰዓት ላይ እንነሣለን» ካለ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። በጅቡቲ አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ ነገር ግን በአማርኛ ሲነጋገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቆጥር አጣርተው ይያዙ።

2. ካፒቴኑንና ጀልባውን መምረጥ

በባሕረ ሰላጤው የሚሠሩት ጀልባዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የመኝታ ክፍል፣ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ሲሆኑ፣ ከኋላቸው ወደ እንስሳቱ የሚያደርስ ትንሽ ጀልባ ይጎትታሉ። ሁለተኛዎቹ ቀን በባሕር ላይ የሚያውሉ፣ ሌሊት ግን በዳርቻ ባለ ካምፕ የሚያሳድሩ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ሞተር የፋይበር ጀልባዎች ናቸው። ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይበጀዋል፤ ከስድስት የማይበልጡ ብርቱ ጓደኛሞች ግን በሁለተኛው ባነሰ ወጪ ያንኑ ባሕር ያያሉ።

ከጀልባው ይልቅ ግን ካፒቴኑ ይመረጣል። በዚህ ባሕር የሚመላለሱ ዌል ሻርኮች ከውኃው ወለል አጠገብ ስለሚበሉ የጀልባ ሞተር ምላጭ ያቆሰላቸው፣ በጀርባቸውና በክንፋቸው ላይ ጠባሳ የሚታይባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ካፒቴኑን «ዓሣውን ስታገኘው ሞተሩን ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከሩቅ ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ሞተሩን ከማርሽ እንደሚያወጣ፣ ዋናተኞቹ ከውኃ ሳይወጡም እንደማይንቀሳቀስ ከነገረዎት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «አይዟችሁ፣ አባርሬ አጠገቡ አደርሳችኋለሁ» የሚል ካፒቴን ካጋጠመዎት ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትተውት ይሂዱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዌል ሻርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ የገባ በመሆኑ ነው፤ በአንድ ቀን ጥድፊያ የሚደርስበት ቁስል ቀላል ነገር አይደለም።

ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት። በውሉ ላይ የቀኑ ብዛት፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ ነዳጅ፣ ምግብ፣ የመጠጥ ውኃና በረዶ በዋጋው ውስጥ መካተታቸው፣ ነፋስ ቢበረታ ጉዞው እንዴት እንደሚሸጋገርና ስንት እንደሚመለስ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት፣ የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ፣ መለዋወጫ ሞተር ወይም ሁለተኛ ጀልባ፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን መኖሩንም በወሬ ሳይሆን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ። ይህን ሁሉ በጠዋት ይጨርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት ቀትር ላይ ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ የተጀመረ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ለነገ ያድራል።

3. ሰነድ፣ መንገድና ገንዘብ

ጅቡቲ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ቪዛ አላት፤ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በባቡር መስመሩ፣ ወይም በጋላፊና በደወሌ በኩል በመኪና ይደረሳል። የባቡሩ የጅቡቲ ጣቢያ ናጋድ ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ታክሲ ያስፈልጋል። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ሲሆን 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው። በከተማው ዳርቻና በታጁራ በካርድ መክፈል ስለማይታሰብ ለመንገድ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው ጀልባው ላይ ይዘው ይውጡ። የሰሜኑ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩና ከየመን የሚመለሱ ስደተኞች መንገድ ስለሆነ የባሕር ጠባቂዎች ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ወደቡንና ወታደራዊ ሰፈሮችን ፎቶ ማንሣትም ችግር ያስከትላል።

4. ከመሄድ በፊት ውኃን መለማመድ

አብዛኞቻችን በደጋ ያደግን ነን፤ መዋኘት የሚችለው ጥቂት ነው፤ የሚችለውም የለመደው የመዋኛ ገንዳና የሐይቅ ውኃ ነው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር በፊት በአዲስ አበባ ገንዳዎች ወይም በቢሾፍቱና በሐዋሳ ሆቴሎች ሦስት ነገሮችን ይለማመዱ። የመጀመሪያው የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በአፍ ብቻ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ሁለተኛው ቱቦው ውስጥ የገባን ውኃ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ መልሶ ማስወጣት ነው። ሦስተኛው ጃኬት ለብሶ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ ሲሆን፣ የደከመ ሰው ራሱን የሚያድነው በዚህ ነው። መነጽሩን ከመግዛትዎ በፊት ማሰሪያውን ሳያጠብቁ ፊትዎ ላይ ለጥፈው በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፤ ሳይወድቅ ከቆየ ልክዎ ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት ነገር ድርድር የለውም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከየመን የሚመለሱ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት በሰሜን ጅቡቲ በኦቦክ ዳርቻ ጎዶርያ አቅራቢያ ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን አልቀዋል። ለእኛ ይህ ባሕር የሐዘን ባሕርም ነው፤ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጃኬቱን ሳያወልቅ ቢጓዝ ሊያፍርበት አይገባም።

5. የሚያዙ ዕቃዎች

እጀ ረጅም ቀጭን የዋና ልብስ ከፀሐይም፣ በፕላንክተን መሀል ከሚገኙ ተናዳፊ ጥቃቅን ነፍሳትም ይከላከላል፤ ከቅባት ይልቅ በእሱ ይተማመኑ። ጠንካራ ሶል ያለው የውኃ ጫማ የግድ ነው፤ በድንጋያማው ዳርቻ እሾሃማ የባሕር እንስሳትና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ አሉ። የመጠጥ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ይታሰብ። ጀልባ የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ከፋርማሲ ጠይቆ ጀልባው ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙም አይረዳም። ሌሊት በጀልባው ወለል ላይ ጤዛ ስለሚወርድ አንድ ጋቢ ይያዙ።

6. የአራቱ ቀን ጉዞ

*የመጀመሪያው ቀን።* ማለዳ ወደ ከተማው የዓሣ ወደብ ሄደው ከአብሳዩ ጋር ዓሣና በረዶ ይግዙ፤ ከዚያ ወደ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ይነሡ። ደሴቶቹ በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት በማይሞላ የጀልባ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ኮራሉ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ስለሆነ መነጽርና ቱቦ በእውነተኛው ባሕር የሚሞከረው እዚህ ነው። በኮራሉ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ነው። የባሕር ዔሊ ካጋጠመዎት ከላይዋ አይሁኑባት፤ የምትተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ ወደ ላይ የምትወጣበትን መንገድ ከዘጉባት ትጨነቃለች።

*ሁለተኛው ቀን።* ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በደቡቡ ዳርቻ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አርታ ባሕር ዳር ይጓዙ። በመንገድ ላይ ዶልፊኖች ከጀልባው አፍንጫ ፊት ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ካፒቴኑ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ሳይለውጥ ቢሄድ ራሳቸው ይቀርባሉ፣ ሲሰለቻቸውም ይሄዳሉ። አርታ አካባቢ ከደረሱ በኋላ ያለው ጊዜ የዌል ሻርክ ነው፤ ቀኑን በሙሉ፣ የሚቻል ከሆነ ቀጣዩን ጠዋትም ለዚህ ይተዉ።

*ሦስተኛው ቀን።* በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ጉቤት አል ኸራብ የሚባለው፣ በገደልና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የታጠረ ባሕር አለ። መግቢያው ጠባብ በመሆኑ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውኃው እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ ካፒቴኑ ጅረቱ የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቆ እንዲያልፍ ይስማሙ፤ በመግቢያውም ላይ ማንም አይዋኝ። አስቀድሞ መኪና የተከራየ ሰው ከዚህ ወርዶ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘውን የአፍሪካን ዝቅተኛ ቦታ፣ የአሳል ሐይቅን ማየት ይችላል። በሐይቁና በጉቤት መካከል ያለው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሐይቁ የሚመገበው ከጉቤት በመሬት ውስጥ ሰርጎ በሚመጣ የባሕር ውኃ ሲሆን፣ አፋሮች በግመል ወደ ደጋው ያመጡት ከነበረው ጨው የተወሰነው የዚህ ሐይቅ ነው።

*አራተኛው ቀን።* በሰሜኑ ዳርቻ ወዳለችው ታጁራ ይሻገሩ። ነጫጭ መስጊዶች ያሏት ይህች ትንሽ ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋ ሲራራ ነጋዴ የባሕር በር ነበረች፤ የዳግማዊ ምኒልክ ጠመንጃም በዚህ በኩል አልፏል። ወደ ከተማው ሲገቡ የዋና ልብስ ላይ ሌላ ልብስ ይደርቡ። ጠዋቱን በከተማዋ አቅራቢያ ባለው ነጭ አሸዋ ዳርቻ ካሳለፉ በኋላ ከቀትር በፊት ወደ ጅቡቲ ይመለሱ።

በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ወዳሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም ጅረቱ ኃይለኛ፣ ቦታውም ለልምድ ያላቸው ጠላቂዎች የሚሆን ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ባሕረ ሰላጤው ይበቃል።

7. ዌል ሻርክ ሲገኝ የሚደረገው

ፈላጊው የጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ ጥላ የመሰለ ጠቆር ያለ ነገር፣ ወይም ብቅ ጥልቅ የሚል የጀርባ ክንፍና የጅራት ጫፍ ይጠብቃል። ሲታይ መነጽርና ቱቦ ያልለበሰ ሰው ይህን ዙር ይተው፤ በችኮላ የተደረገ መነጽር ውኃ ያስገባል፣ ውኃ የገባበት ሰው ደግሞ ይደነግጣል። ትንሹ ጀልባ ዓሣው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ራቅ ብሎ በጎን በኩል ይቆማል፤ ሞተሩ ከማርሽ ይወጣል። ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይዘልሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ውኃው ይንሸራተታሉ። በውኃ ውስጥ ምልክት የሚሰጠው አንድ መሪ ብቻ ነው።

ውኃው በፕላንክተን የደፈረሰ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። መጀመሪያ የሚመጣው ቅርጹ ሳይሆን ነጠብጣቡ ነው፤ አረንጓዴው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ተራ ይዘው ይታያሉ፤ ወዲያው ሰፊው ግንባርና የተከፈተው አፍ ይከተላሉ። በአፉ የሚገባው ውኃ በስንጥቦቹ፣ ማለትም ከራሱ ጎን ባሉት የመተንፈሻ ስንጥቆች በኩል ሲወጣ በውስጡ ያለው ማጥለያ ምግቡን እንደ ወንፊት ያስቀራል። ጥርሶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ሰው አይነክስም። አንዳንድ ጊዜ ምግቡ በበዛበት ቦታ እንደ ቆመ ሆኖ፣ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ውኃውን በትልልቅ ጉንጭ ሲምግ ይታያል፤ ይህን ያገኘ ሰው ባለበት ተንሳፍፎ ይይ እንጂ አይጠጋ። በዚህ ባሕረ ሰላጤ የሚገኙት በአመዛኙ ወጣት ወንዶች ሲሆኑ ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ ሙሉ ዕድሜ የደረሰው ከ12 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል።

በምዕራብ አውስትራሊያ የሚሠራበት ደንብ እዚህም ቢከበር መልካም ነው፤ ከራሱና ከገላው 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ይራቁ። የጅራቱ ርቀት የሚበልጠው ከዚህ እንስሳ በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው የጅራቱ ምት ስለሆነ ነው። ከጎኑ ትይዩ ሆነው ይዋኙ፤ ከፊቱ አይቁሙ፤ ፍላሽ አያብሩ፤ አይንኩት። ወደ እርስዎ ከዞረ እጅና እግር ሳያንቦጫርቁ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉለት። ወደ ጥልቁ ከወረደ ጉብኝቱ አልቋል፤ አይከተሉት። ሌላ ጀልባ ቀድሞ ከደረሰ ተራ ይጠብቁ፤ ካፒቴኑ ቢቸኩል እንኳ ከፋዩ እርስዎ ስለሆኑ «እንጠብቅ» ማለት ይችላሉ፤ ሊሉም ይገባል።

መዋኘት የማይችል ሰው ምንም አይቀርበትም ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ዓሣው ወለሉ ላይ ስለሚበላ ሞተሩን ካጠፋ ጀልባ ላይ ሆኖ ከአፉ እስከ ጅራቱ ማየት ይቻላል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው የግራ ጎኑን፣ ከመጨረሻው ስንጥብ በስተኋላ ከጎን ክንፉ በላይ ያለውን ቦታ ያንሣ። የነጠብጣቡ አቀማመጥ በእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ላይ የተለየ በመሆኑ ተመራማሪዎች የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር በተሠራ ስሌት እየታገዙ አንዱን ከሌላው ይለዩበታል።

8. ዓሣውን መምረጥ፣ ማቆየትና ማብሰል

በዓሣ ወደቡ የሚሰሙት ስሞች በአብዛኛው የፈረንሳይኛ ናቸው። ታዛር ረጅምና ሥጋው ጠንካራ የሆነ ፈጣን ዓሣ ነው፤ ካራንግ ሰፊ ገላ ያለው ነው፤ ሜሩ በኮራል ውስጥ የሚኖር አፈ ሰፊ ዓሣ ሲሆን ቶን ደግሞ ቱና ነው። ለጣዕም ብዙዎች ሜሩን ያስቀድማሉ። እኔ ግን ታዛርንና ካራንግን እመርጣለሁ። ሜሩ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ብዙዎቹ ዝርያዎቹም ሴት ሆነው ጀምረው ትልቅ ሲሆኑ ወደ ወንድነት የሚለወጡ በመሆናቸው ትልልቆቹ ሲለቀሙ የሚራባው ይጠፋል። ታዛር ግን ፈጥኖ ያድጋል።

ይህ ምርጫ ግን የራሱ ግዴታ አለው። ታዛር፣ ካራንግና ቱና ከተያዙ በኋላ ሙቀት ላይ ከቆዩ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፤ ይህ ነገር በማብሰል አይጠፋም። የበላው ሰው ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ምላሱን እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ስሜት ካለው መብላቱን ወዲያው ያቁም። መከላከያው በረዶ ብቻ ነው። ከመሳፈርዎ በፊት የዓሣው ሆድ ዕቃ ወጥቶ ይታጠብ፤ ከላይም ከታችም በረዶ ይደረግበት፤ የቀለጠው ውኃ ይፍሰስ፤ ሣጥኑ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ታዛሩ፣ ካራንጉና ቱናው በመጀመሪያው ምሽት ይበላ፤ ለሚቀጥሉት ቀናት ሌላው ዓይነት ይቆይ።

ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ነው፤ የሚሸተውም ባሕር ባሕር ብቻ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የለመደ ሰው ይህን ልማድ በጀልባ ላይ አያምጣው፤ በዚያ ሙቀትና በሣጥን በረዶ ጥሬ የባሕር ዓሣ አይበላም።

ለማብሰል በከተማው የሚታወቀውን የየመን ዓሣ አሠራር መከተል ይቻላል። በየመን ምግብ ቤቶች ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ በጨውና በቀይ ቅመም ይታሻል፣ ከዚያ ፍም በሞላው ረጅም የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፤ ቆዳው ከስሎ፣ ሥጋው ግን ወዝ እንደያዘ ይወጣል። ከዚያው ምድጃ በወጣ ሰፊ ቂጣ፣ በቲማቲምና በቃሪያ ስልስ፣ በጎኑም ሙዝና ማር ተደርጎበት በተፈተፈተ ዳቦ ይበላል። ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ይህን በከተማው ቀምሰው ይነሡ።

በጀልባ ላይ ምድጃው ስለማይኖር 2 ኪሎ የሚሆን ዓሣ ከጀርባው ሰንጥቀው ሆዱ ሳይለያይ ይክፈቱት፤ ጨው፣ በርበሬ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዘይት አሽተው 20 ደቂቃ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ያቆዩት። ሎሚ በዚህ ጊዜ አይጨመርም፤ ሥጋውን ያደርቀዋል። ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ዓሣውን በሁለት ሽቦ መሀል ይዘው ቆዳውን ወደ እሳቱ አድርገው ከጊዜው አብዛኛውን በዚያ በኩል ይጥበሱት፤ በሥጋው በኩል የሚዞረው በመጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ ከተላቀቀ በስሏል። ሎሚውና ዳጣው ሲቀርብ ይጨመሩበት። እሳቱ የሚነድደው በጀልባው ኋላ፣ ከነዳጅ ርቆ፣ ባልዲ ውኃ አጠገቡ ተቀምጦ ነው።

ስለ እምነትና ጾም ከአብሳዩ ጋር ከመነሣት በፊት ይነጋገሩ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ካለ ሎብስተር፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦክቶፐስ በሌላ መጥበሻና በሌላ ዘይት እንዲሠሩ ይጠይቁ፤ የጀልባ ማዕድ ቤት ትንሽ ስለሆነ ካልተነገረው ሁሉንም በአንድ ዘይት ይጠብሳል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ ለማይበሉት ሽሮ፣ ምስርና ደረቅ እንጀራ ከአገር ቤት ይያዝ፤ ሩዙ ላይ ቅቤ እንዳይጨመርም ይነገር። በጅራቱ ሥር እንቁላል የታቀፈች ሎብስተር አትገዛ። የዔሊ ሥጋና እንቁላል፣ የሻርክ ክንፍ፣ ኮራልና ትልልቅ ዛጎል ማንም ቢያቀርብልዎት አይግዙ። የዓሣ ሆድ ዕቃና ትራፊ ዌል ሻርኮቹ ባሉበት አካባቢ አይጣል፤ ፕላስቲክ ደግሞ አንድም ሳይቀር ወደ ከተማ ይመለስ።

9. ወደ ደጋ መመለስ

በቱቦ ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን መሳፈር ይችላል። በአየር ጋን ውኃ ውስጥ የጠለቀ ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈር። ይህ ጥንቃቄ አውሮፕላን ለማይሳፈረውም ይሠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ በመኪናም ሆነ በባቡር ሽቅብ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ ከባሰም አካልን ሊያሽመደምድ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው የጥልቀት ዋና በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ይጠናቀቅ፤ አራተኛው ሌሊት በጅቡቲ ከተማ ይደር፤ ትኬቱም ለአምስተኛው ቀን ይቆረጥ።